ረጅሙ የፈረንሳይ እራት፣ ምሳው ወይስ የጎንደር ሆቴል? ሳይቆጩ ለመምረጥ

አንድ ውድ የፈረንሳይ ምግብ ቤት በልተው የወጡ ሁለት ሰዎችን ጠይቁ። የተለያየ ቤት የገቡ ነው የሚመስላችሁ። አንዷ ስለ ዳቦውና ስለ ቅቤው፣ ስለ ሶሱ፣ ስለ አስተናጋጁ ትህትና አውርታ አትጠግብም። ሌላው ደግሞ "ስምንት ሳህን አቀረቡልኝ፣ ርቦኝ ወጣሁ" ይላል።

እዚህ ጎንደርም ይህ ወሬ አይጠፋም። ፓሪስ ያለች ልጅ አባቷን ወስዳ ትጋብዛለች። ከውጭ የመጣ ወንድም አዲስ አበባ ላይ "ዛሬ ለየት ያለ ቦታ እንውጣ" ይላል። የጋብቻ በዓላቸውን የሚያከብሩ ባልና ሚስት እዚሁ ከተማ አንድ ሆቴል ገብተው፣ ሜኑው ላይ ካዩት የፈረንሳይ ስም አንዱን ያዛሉ። ከዚያ መልስ ግማሹ ደስ ብሎት፣ ግማሹ አኩርፎ ይገባል።

ቅሬታዎቹን ደጋግሜ ስሰማ አንድ ነገር ገባኝ። ብዙዎቹ የሚጀምሩት ገና ከቤት ሳይወጣ ነው። ምሳ ነው እራት? ሙሉ ሜኑ ነው ነጠላ ምግብ? ቀኑስ የፍስክ ነው የጾም? አብሮ የሚቀመጠውስ ማን ነው? ስለዚህ የትኛው ምግብ ቤት እንደሚበልጥ አልነግራችሁም። የትኛው አበላል ለማን እንደሚስማማ ነው የማወዳድረው።

የምሽቱ ረጅም እራት

ውድ ቤቶች ማታ ላይ የሚኮሩበት ነገር ሜኑ ደጉስታሲዮን ይባላል። ሼፉ ራሱ የመረጣቸው ሰባት፣ ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትንንሽ ሳህኖች በየተራ ይመጣሉ። ሦስት ሰዓት መቀመጥ የተለመደ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያንኑ ማዘዝ አለበት። ኩሽናው ሳህኑን የሚያወጣው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሆነ፣ አንዱ ሙሉውን ሌላው ሾርባ ብቻ ማለት አይመቻቸውም።

"ዘገዩብን" የሚለው ቅሬታ በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። ለፈረንሳዮች ማዕድ ላይ መቆየት የግብዣው አንድ ክፍል ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳዮችን የግብዣ ማዕድ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ ቅደም ተከተሉንም አብሮ ጽፎታል። በመክፈቻ መጠጥ ይጀመራል፣ በመዝጊያ መጠጥ ያበቃል። በመሃል ቢያንስ አራት ዙር አለ፦ መጀመሪያ የሚቀመስ፣ ዓሣ ወይም ሥጋ ከአትክልት ጋር፣ አይብ፣ በመጨረሻ ጣፋጭ። የእኛ ማዕድ ግን እንጀራው ላይ ሁሉም ወጥ አንዴ ፈሶ ይቀርባል። በዚያ ያደገ ሰው ሁለተኛዋ ሳህን ላይ ሲደርስ "ዋናው መቼ ነው የሚመጣው?" ማለት ይጀምራል።

ይህ እራት ለማን ይሆናል? ምግብ ራሱ ለሚያስደስተው፣ ቁጭ ብሎ ማውራት ለሚወድ፣ የማያውቀውን ነገር አፉ ውስጥ ለማስገባት ለማይፈራ ሰው። ለአረጋዊ አባት አይሆንም። ለልጆችማ ፈጽሞ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እንቅልፉ ለሚመጣ ሰው አምስተኛው ሳህን ቅጣት ነው።

ረሃቡን በተመለከተ አንድ ቀላል መፍትሔ አለ። ዳቦ ጨምሩልኝ ማለት ነውር አይደለም። ፈረንሳይ አገር ምግብ ቤት ውስጥ ዳቦውም፣ በጠርሙስ ያልታሸገው የቧንቧ ውሃም በነጻ ነው የሚቀርበው። ውሃ ስትጠይቁ "ካራፍ ዶ" ካላችሁ የቧንቧውን በማንቆርቆሪያ ያመጡላችኋል። ዝም ካላችሁ የታሸገውን አምጥተው ያስከፍሏችኋል።

ወይኑ ላይ ተጠንቀቁ። ለእያንዳንዱ ሳህን የሚስማማውን ወይን በብርጭቆ እናቅርብ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ሂሳቡ ግን እጥፍ ሊሆን ይችላል። ጋባዡ ልጃችሁ ከሆነች ይህን ጥያቄ እሷ ትመልስ።

ሚሽላን ለምግብ ቤቶች ስለሚሰጠው ኮከብም ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነው። የሚሽላን መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1900 የተጀመረው የመኪና ጎማ በሚሠራ ኩባንያ ነው። ኮከብ መስጠት የጀመረው በ1926 ሲሆን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚለው ደረጃ የመጣው በ1931 ነው። ኮከቡ የሚሰጠው ሳህኑ ላይ ላለው ምግብ ብቻ ነው። ለወንበሩ፣ ለመብራቱ፣ ለአስተናጋጁ ፈገግታ የሚሰጥ ነጥብ የለም። ስለዚህ "ኮከብ ያለው ቤት ገብቼ ፊት ነሱኝ" ያለ ሰው አልዋሸም። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ሚሽላን ኢትዮጵያን አይገመግምም፤ ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ኮከብ አለን የሚል ቤት ካጋጠማችሁ የሚያወራው ስለ ሆቴሉ ኮከብ ነው።

ያው ቤት፣ ግን በምሳ ሰዓት

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው እኔ የምመርጠው ይህን ነው። ኩሽናው ያው ነው፣ ሼፉም ያው። ሳህኖቹ ግን ሁለት ወይም ሦስት ናቸው፣ መጠናቸውም ሰው የሚያጠግብ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃል። ዋጋው በብዙ ቤቶች ከእራቱ በእጅጉ ያንሳል። ባይጥማችሁ እንኳ የሚቆጨው ብር ትንሽ ነው። እራቱን አይታችሁ ትወስናላችሁ።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። ፈረንሳይ አገር ደህና ምግብ ቤት ምሳ የሚቀበለው በእኛ አቆጣጠር ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ኩሽናው ይዘጋል። እስከ ምሽቱ አንድ ወይም አንድ ተኩል ድረስ አይከፈትም። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሶ "እባካችሁ፣ ያለውን" ቢሉ ሰሚ የለም። እዚህ አገር የለመድነው "ኧረ የሆነ ነገር አይጠፋም" እዚያ አይሠራም።

ቦታ ስታስይዙም ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር አረጋግጡ። አስያዡ ልጅ ፓሪስ፣ ተጋባዡ አባት ከጎንደር ገና ሦስት ቀን የሆነው ከሆነ፣ "ስምንት ሰዓት" የሚለው ቃል ለአንዱ ምሳ፣ ለሌላው እራት ነው።

ቢስትሮና ብራስሪ

እነዚህ ቀለል ያሉ ቤቶች ናቸው። ቢስትሮ ትንሽ ነው፣ ምግቡ ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜ የቀኑ ምግብ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ ይታያል። ብራስሪ ሰፊ ነው፣ ጫጫታ አለው፤ ከምሳና ከእራት ሰዓት ውጪም የሚያበላ ይበዛል። ብራስሪዎች መነሻቸው የቢራ ቤት ስለሆነ የዳሽን ከተማ ሰው እንግድነት አይሰማውም።

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሐበሻ የሚደሰተው እዚህ ነው። ሳህኑ ሙሉ ነው፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ ቢሳቅም ዞር ብሎ የሚያይ የለም። የሽንኩርት ሾርባቸውን ሞክሩ። ሽንኩርቱ ለዶሮ ወጥ እንደሚቁላላው ሽንኩርት ቀስ ብሎ ረጅም ሰዓት ይበስላል፤ ከዚያ የሥጋ መረቅ ይገባበታል፣ ላዩ ላይ ዳቦና አይብ ተደርጎ ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል። ይህን ጠልቶ የተመለሰ የጎንደር ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ግን ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። በቀይ ወይን የሚበስለው የበሬ ሥጋ፣ ቡፍ ቡርጊኞን የሚሉት፣ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ቁርጥራጭ አለበት። በወይን የሚሠራው ዶሮ ኮክ ኦ ቫንም እንደዚሁ። ኪሽ ሎሬን የሚባለው የእንቁላል ኬክም ውስጡ አሳማ ነው። ስሙ ላይ አይታይም። "ዶሮ ነው አሉኝ፣ በላሁ፣ በኋላ ነገሩኝ" የሚል ቅሬታ ስሰማ ለሰውዬው አዝናለሁ። አሳማ የማይበላ ሰው፣ ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ለዶሮውም ቢሆን መጠየቅ አለበት። ሙስሊም ለሆነ እንግዳ ደግሞ ወይኑም አለ፤ ሶሳቸው ውስጥ ወይን በብዛት ይገባል። ቀንድ አውጣ፣ ጥንቸል፣ ኦይስተር የሚባለው ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ ሜኑው ላይ ሲታዩ ምን ማድረግ እንዳለባችሁ እኔ አልመክራችሁም።

ሥጋውን ማን ባረከው ብለው የሚጠይቁ አባት አብረዋችሁ ካሉ ደግሞ ክርክሩን አታንሱት። ዓሣ እዘዙላቸው። ሶል ሙኒዬር የሚባለው በዱቄት ተለውሶ በቅቤ የሚጠበስ ዓሣ ነው። የጣና ዓሣ ጥብስ የለመደ ሰው ይወደዋል።

ቁርጥ የሚበላ ሰው ስቴክ ሲፈራ

ይህን ነገር ሳስበው ሁልጊዜ ያስቀኛል። ቅዳሜ ከሥጋ ቤት ቁርጥ በአዋዜ የሚያነሳ ሰው፣ መሃሉ ሮዝ የሆነ ስቴክ ሲቀርብለት "ደሙ ሳይበስል አመጡልኝ" ብሎ ይከፋል። ከሥጋው የሚወጣው ቀይ ፈሳሽ ደም አይደለም። ሥጋው ውስጥ ያለ ውሃና ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ነው። ያም ሆኖ ለብ ያለ ያልበሰለ ሥጋ እና ትኩስ ቁርጥ አፍ ውስጥ አንድ አይደሉም። አለመውደድ መብት ነው።

ፈረንሳዮች አራት ደረጃ አላቸው። ብሉ ላዩ ብቻ እሳት የነካው ነው። ሴኛን ከዚያ ትንሽ ያልፋል። ኣ ፑዋን መካከለኛ ነው ይሉታል፤ ግን እዚህ ሆቴሎቻችን "ሚዲየም" ብለው ከሚያመጡት የበለጠ ቀይ ነው። ቢያን ኩዊ በደንብ የበሰለው ነው። ጥብስ ለለመደ ሰው የመጨረሻውን እዘዙ። ሼፉ ቅር ሊለው ይችላል፤ ከፋዩ ግን እናንተ ናችሁ።

ስቴክ ታርታርን ክትፎ ነው ብላችሁ እንዳታዙ። ጥሬ የበሬ ሥጋ መሆኑ ልክ ነው። ግን ቀዝቃዛ ነው፣ ሰናፍጭና ኬፐር የሚባል ኮምጣጣ የአበባ እምቡጥ አለበት፣ ላዩ ላይ ጥሬ የእንቁላል አስኳል ይደረጋል። ቅቤም ሚጥሚጣም የለም። እንደ ራሱ ከቀመሱት ደህና ነው። ክትፎ ጠብቆ ለሄደ ሰው ግን ምሽቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

ጾም

ብዙ ግብዣ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ከዓመቱ ከግማሽ ያላነሰው ቀን ጾም ነው። የፈረንሳይ ወጥ ቤት ደግሞ ቅቤ፣ ክሬም፣ እንቁላልና መረቅ ላይ የቆመ ነው። "አትክልት ብቻ" ብሎ ማዘዝ አያድንም። የአትክልቱ ሾርባ ራሱ በዶሮ መረቅ ሊሠራ ይችላል፣ ካሮቱ በቅቤ ተጠብሶ ሊመጣ ይችላል። "ቬጋን" የሚለውን ቃል ተጠቀሙ፣ ያም ቦታ ስታስይዙ እንጂ ከተቀመጣችሁ በኋላ አይሁን። ሁለት ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የተነገረው ደህና ሼፍ አንድ ነገር ያዘጋጃል። በዕለቱ የሰማ ሼፍ ሰላጣ ይሰጣችኋል።

በራሳቸው የጾም የሆኑም አሉ። ባጌት ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው፤ ክሯሳን ግን ቅቤ አለበት። ራታቱይ ደበርጃን፣ ዙኪኒ፣ ቲማቲምና ቃሪያ በወይራ ዘይት ነው። ለማሳረጊያ ሶርቤ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፍራፍሬና ስኳር ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ግን ለአንድ ውድ ቤት ዋጋ የሚያወጣ አይደለም። የጾም ቀን ከሆነ ብራችሁን አስቀምጡ።

ከላይ ምሳውን ይበልጥ መርጫለሁ ብያለሁ። ለሁዳዴ ጿሚ ግን ምሳው ጭራሽ አይሆንም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሲፈታ የፈረንሳዩ ኩሽና ከተዘጋ አንድ ሰዓት አልፎታል።

ለጿሚ ቤተሰብ ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ በዓለ ሃምሳ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና አርብም ፍስክ ስለሆኑ በየትኛውም ቀን ማስያዝ ይቻላል። እናትና አባትን ፓሪስ ለማምጣት የምታስቡ ልጆች የአውሮፕላን ትኬቱን ስትቆርጡ ይህን አብራችሁ እዩት። በጋው ሳይበረታ የአየሩም ጊዜ ደህና ነው።

እዚሁ ጎንደር ሆቴል ውስጥ

ጎንደር የፈረንሳይ ምግብ ባህል የለንም። ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አጼ ኢያሱን ሊያክም ከካይሮ ጎንደር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1699 ነው፤ ግን መድኃኒት እንጂ ወጥ ቤት ይዞ አልመጣም። ፒያሳን የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው ፓስታውንና ማኪያቶውን ትተውልን የሄዱት። ስለዚህ የሆቴሎቻችን ሜኑ ላይ የምታዩት ስቴክ በቁንዶ በርበሬ ሶስ፣ ኮርዶን ብሉ፣ ክሬም ካራሜል በሆቴል ትምህርት ቤት በኩል የመጡ ናቸው። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም። ክሬም ካራሜሉ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ጥሩ ነው።

ስቴኩ ላይ ግን ቅሬታ ይበዛል፤ ምክንያቱም ሥጋው ትኩስ ነው። ለቁርጥና ለጥብስ ትኩስ ሥጋ ክብር ነው። ለስቴክ ግን ሥጋው ከታረደ በኋላ በቀዝቃዛ ክፍል ሳምንታት ቢቆይ ነው የሚለሰልሰው። አውሮፓ ያሉት ቤቶች እንደዚያ ያደርጋሉ። እኛ ጋ ጠዋት የታረደ በሬ ማታ ስቴክ ይሆናል፣ መንጋጋም ይደክማል። ማዘዛችሁ ካልቀረ ፊሌቶውን ጠይቁ፤ እሱ በተፈጥሮው ለስላሳ ነው። ወይም ቀስ ብሎ የሚበስለውን ነገር እዘዙ፤ ግን ቀደም ብላችሁ ንገሩ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 93 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ላይ ነው። ለስላሳ የሚሆን ወጥ እዚህ ጊዜ ይወስዳል።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። የምትፈልጉት ምሽቱን ከሆነ፣ ማለትም ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ፣ ከጎሃ ኮረብታ ላይ ሆኖ ከተማዋን ቁልቁል ማየት፣ ቤተሰብ ሰብስቦ ፎቶ መነሳት፣ ጎንደር ይበቃችኋል። ፓሪስም ይህን አይሰጣችሁም። የፈረንሳይን ጣዕም ፈልጋችሁ ከሆነ ግን እዚህ አታዙት። ዶሮ ወጥ ወይም ጥብስ እዘዙ፤ ወጥ ቤቷ የምታውቀውን ስትሠራ እጇ አይስትም። ሜኑው ላይ ያለው ሁሉ ኩሽና ውስጥ እንደማይኖር ደግሞ ታውቃላችሁ። ከማዘዛችሁ በፊት "ዛሬ ያለው ምንድን ነው?" በሉ። ለጥምቀት ሰሞን ቀድማችሁ ካላስያዛችሁ አትሞክሩት። በሌላውም ጊዜ ቢሆን አሁን ባለው ሁኔታ በጊዜ ገብታችሁ በጊዜ ውጡ፤ ባጃጅ የምታገኙበትን ሰዓት አስቡ።

ሂሳቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ቫት ያላካተተ ከሆነ፣ ቫቱም በአገልግሎቱ ላይ ከታሰበ፣ የ1,000 ብር ምግብ 1,265 ብር ይሆናል። ፈረንሳይ አገር ግን ሜኑው ላይ የተጻፈው ታክሱንም አገልግሎቱንም ይዞ ነው። ቲፕ ግዴታ አይደለም። ደስ ካላችሁ ጥቂት ሳንቲም ትታችሁ ትወጣላችሁ።

ሲበላሽ

የእናንተ ጥፋት ያልሆነ ቅሬታም አለ። ምግቡ ቀዝቅዞ ይመጣል። ያላዘዛችሁት ሂሳብ ላይ ይገባል። አስተናጋጁ አለባበሳችሁን አይቶ መጸዳጃ ቤት አጠገብ ያስቀምጣችኋል። ይህን "እንደዚያ ነው ባህላቸው" ብሎ መሸፋፈን አይገባም።

ግን እዚያው ተናገሩ። ይሉኝታ ይይዘንና ዝም ብለን እንበላለን፣ ከፍለን እናመሰግናለን፣ ከዚያ አሥር ዓመት ሙሉ እናማቸዋለን። ፈረንሳይ አገር ስቴክ ትንሽ ይብሰል ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። ማንም አይቆጣም። መናገር ያለባችሁ ግን መጀመሪያ ስትቆርጡት ነው። ግማሹ ተበልቶ ካለቀ በኋላ የሚሰማችሁ የለም። አባታችሁ ራሳቸው እንዲናገሩ አትጠብቁ፤ "ኧረ ደህና ነው፣ ተዪው" ነው የሚሉት። ሳህናቸውን አይታችሁ እናንተ ተናገሩላቸው።

ስታስይዙ የባንክ ካርድ ቁጥር የሚጠይቁ ውድ ቤቶች አሉ። ሳትሰርዙ ከቀራችሁ በየሰዉ ይቆርጣሉ። ስንት ሰዓት ቀድሞ መሰረዝ እንደሚቻል አንብቡት። ከጎንደር አዲስ አበባ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው ብላችሁም በዚያው ዕለት ማታ እራት አታስይዙ። አዘዞ ላይ በረራው ከዘገየ ጠረጴዛው አይጠብቃችሁም። ለማግስቱ ምሳ ያዙ።